ሁለት ጊዜ ባሕር የተሻገረ መጽሐፍ

አንባቢ ሆይ፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአንድ የአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ነጠላ ያጣፉ ሸበቶ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለተኛው ደብተሮቹን በብብቱ የያዘ ተማሪ ነው። በመካከላቸው የተቀመጠው መጽሐፍ ክብረ ነገሥት ነበር።

«ልጄ፤ በዚህ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደ ተጻፈው የተደረገ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፤ ነገሥታት ሕዝቡን ለመግዛት ያስጻፉት ተረት ነው» አለ ተማሪው።

ክርክሩ እየጋለ በሄደ ጊዜ ባለሱቁ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው፤ «ለመሆኑ ከሁለታችሁ እስከ መጨረሻው ያነበበው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ዝም አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ዝም አልሁ። ስለ መጽሐፉ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ስለ እርሱም ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር አላነበብሁትም ነበር። በማፈሬ መጽሐፉን ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እነሆ፤ ያገኘሁትን ለእርስዎም ላካፍልዎ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ምን ይላል?

ክብረ ነገሥት 117 ምዕራፎች አሉት። የሚጀምረውም ከንግሥተ ሳባ አይደለም። በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ስለ አንድ ጥያቄ ሲመረምሩ ያሳየናል። ጥያቄው የነገሥታት ክብር በምን ይታወቃል የሚል ነው። በሠራዊት ብዛት ነው? በሀብት ነው? በከተሞች ስፋት ነው? የመጽሐፉ መልስ ከእነዚህ አንዱንም አይቀበልም። እውነተኛው ክብር የእግዚአብሔር ታቦት ጽዮን ካለችበት ዘንድ ነው ይላል። የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚያስረዳው ታቦቲቱ እንዴት ወደ ኢትዮጵያ እንደ መጣች ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። ታምሪን የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሲመለስ ለንግሥት ማክዳ የሰሎሞንን ጥበብ ይነግራታል። ንግሥቲቱም ጓዟን አሰናድታ ትሄዳለች። ሰሎሞን የሚያስጠማ ምግብ አዘጋጅቶ ይጋብዛታል፤ እርሱ በግድ እንዳይነካት፣ እርሷም ከቤቱ አንዳች እንዳትወስድ ይማማላሉ። ሌሊት ውኃ ጥም ሲያቃጥላት ተነሥታ ስትጠጣ መሐላሽን አፈረስሽ ይላታል። ከዚህም ልጅ ይወለዳል። ልጁ 22 ዓመት ሲሞላው የአባቱን ቀለበት ይዞ ኢየሩሳሌም ይወርዳል፤ አባቱን ከመምሰሉ የተነሣ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ሰሎሞን በዙፋኑ ሊያስቀረው ቢፈልግም ልጁ እናቱን ይመርጣል። በመጨረሻም የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስና የእስራኤል መኳንንት በኵር ልጆች አብረውት ሲመጡ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ይወጣሉ።

የሳባ ንግሥት ወደ ሰሎሞን መሄዷ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም አለ፤ ነገር ግን በዚያ ልጅ ስለ መውለዷ አንድም ቃል አይገኝም። በቁርአንም ታሪኳ «አን ነምል» በተባለው ምዕራፍ ይነገራል። የመኖች ቢልቂስ ብለው የራሳቸው ያደርጓታል። አይሁድም በትርጓሜ መጻሕፍታቸው ስለ እርሷ ብዙ ጽፈዋል። እንግዲህ ታሪኩ የብዙ ሕዝቦች ነበረ ማለት ነው፤ የክብረ ነገሥት ልዩነቱ ከዚህ ታሪክ መንግሥት መሥራቱ ነው።

በመጨረሻው ገጽ የተጻፈው

አንባቢ ሆይ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የንግሥቲቱ ታሪክ አልነበረም። መጽሐፉ ካለቀ በኋላ በመጨረሻ የተጨመረው የጸሐፊው ቃል ነው። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ሳያነብ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

በዚያ ገጽ ላይ ይስሐቅ የሚባል ሊቅ ስሙን ይገልጻል። በትውፊት የአክሱም ንቡረ እድ እንደ ነበረ ይነገራል። ከባልደረቦቹ ጋር መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እንደ መለሰው ይናገራል። ዐረብኛውም ቀድሞ በላሊበላ ዘመን፣ በ1225 ገደማ፣ ከቅብጥ ቋንቋ የተመለሰ ነው ይላል። ቀጥሎም አንድ ጥያቄ ራሱ አንሥቶ ራሱ ይመልሳል። መጽሐፉ ያን ጊዜ ወደ ግዕዝ ለምን አልተመለሰም? መልሱ፤ ዘመኑ የዛጔዎች ስለ ነበረ ነው። መጽሐፉ ከእስራኤል ዘር ያልሆነ ሰው ቢነግሥ ሕግ መተላለፍ ነው ይላልና፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በዛጔዎች አገር ማን ደፍሮ ይተረጕመዋል?

ይህ ቃል እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። አንድ የመካከለኛ ዘመን ሊቅ መጽሐፍና ሥልጣን እንዴት እንደ ተያያዙ በግልጥ ሲነግረን ነው። ተማሪው በባለሱቁ ፊት የጮኸለትን ነገር ይስሐቅ ከ700 ዓመት ገደማ በፊት ሳይደብቅ ጽፎታል።

የቅብጡ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ሊቃውንት ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ መጽሐፉ ያለ ጥርጥር የ14ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው፤ የቅብጥ ምንጭ አለው መባሉ ክብር ለመስጠት ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ መጨረሻው ላይ የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብና የሮሙ ንጉሥ ዮስጢኖስ በኢየሩሳሌም ተገናኝተው ዓለምን ለሁለት እንደሚካፈሉ ስለሚናገር፣ የታሪኩ ሥር እነዚያ ነገሥታት ከኖሩበት ከ6ኛው መቶ ዓመት ይጀምራል ብለው ያስባሉ።

መጽሐፉና ዙፋኑ

ዘመኑን እንመልከት። በ1270 ይኵኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት አስወግዶ ነገሠ። እርሱና ተከታዮቹ ዘራቸውን ከሰሎሞን ይቆጥሩ ነበር። የልጅ ልጁ ዐምደ ጽዮን ከ1314 እስከ 1344 ገዛ። ይስሐቅ የሠራው በዚህ ንጉሥ መጀመሪያ ዓመቶች ነው። ይህ ከሆነ ዘንድ «መጽሐፉን ያስጻፈው ዐምደ ጽዮን ነው» ብለን መደምደም ቀላል ይመስላል።

ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። በዚያው በመጨረሻው ገጽ ላይ ሥራውን እንደ ደገፈ የተጠቀሰው የሰሜኑ አገረ ገዥ ያዕቢከ እግዚእ ነው። ይህ ሰው ጥቂት ቆይቶ በንጉሡ ላይ ዐመፀ፤ ዐምደ ጽዮንም አጠፋው። ስለዚህ መጽሐፉ በመጀመሪያ የተሰናዳው ለሸዋው ንጉሥ ሳይሆን ለሰሜኑ ገዥ ክብር ይሆናል ብለው የሚያስቡ ሊቃውንት አሉ። እንዲህ ከሆነ ባለድሉ የባላጋራውን መሣሪያ ወርሶ የራሱ አደረገው ማለት ነው።

ይህም መሣሪያ ረጅም ዕድሜ ኖረ። በ1931 በወጣው በመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3፣ በ1955ም በተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ትውልድ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳያቋርጥ እንደ ወረደ በሕግ ተጽፎ ነበር። የ14ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ በ20ኛው መቶ ዓመት የሕግ አንቀጽ ሆነ። በ1974 (መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.) የንጉሡ መንግሥት ሲወርድ ያም አንቀጽ አብሮ ወደቀ።

ሥልጣን ግን ከመጽሐፉ የሚጠቅመውን እየመረጠ እንደሚያነብም እንወቅ። በክብረ ነገሥት ማክዳ ዙፋኗን ለልጇ ስታስረክብ ከእንግዲህ ወዲህ በኢትዮጵያ ላይ ሴት እንዳትነግሥ መኳንንቱን ታስምላለች። ይሁን እንጂ በ1916 መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን፣ የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ፣ አነገሡ፤ እስከ 1930ም «ንግሥተ ነገሥታት» ተብላ ኖረች። የሰሎሞን ዘር መሆኗ ተቆጠረላት፤ የማክዳ መሐላ ግን ተረሳ። ጉዳይ ባለበት ጊዜ የተቀደሰው መጽሐፍ እንኳ አንዱ ገጹ ይገለጣል፤ ሌላው ይታጠፋል።

በቤተ መንግሥት ውስጥ ይህ መጽሐፍ ብቻውን አልነበረም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተሰብስቦ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ነበረ፤ ታሪከ ነገሥትም ነበረ። ክብረ ነገሥት ማን ሊነግሥ እንደሚገባው ይናገራል፤ ፍትሐ ነገሥት የነገሠው እንዴት ሊፈርድ እንደሚገባው፤ ታሪከ ነገሥት ደግሞ ንጉሡ በእውነት ምን እንዳደረገ፣ ወይም ምን አደረገ እንዲባልለት እንደ ወደደ። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ስለ መንግሥት ብዙ ይማራል።

ከመቅደላ እስከ ለንደን

አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ። መጽሐፉ ባሕር የተሻገረው እንዴት ነው?

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚሆኑ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ ብዛታቸውም ወደ 1000 ይደርስ ነበር ይባላል። ብዙዎቹ የመጡት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ጎንደርም በ1866 በንጉሡ ትእዛዝ ተዘርፋለች፤ ተቃጥላለች። እንግዲህ መጻሕፍቱ ከእንግሊዞች በፊት አንድ ጊዜ በኃይል ከቤታቸው ወጥተው ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹም አምባውን ዘረፉ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወርዶ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከሠራዊቱ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ገዛ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍትም ለንደን ገቡ። ክብረ ነገሥት ከእነዚህ መካከል ነበረ።

በ1872 መጀመሪያ በአክሱም የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ላኩ። አንባቢ ሆይ፤ እስቲ ያስቡት። አንድ አዲስ ንጉሥ፣ ግብፆች በሰሜን በኩል እየገፉበት፣ በአገሩም ውስጥ ያላደሩለት መሳፍንት እያሉ፣ ከኃያሉ የእንግሊዝ መንግሥት ምን ይለምናል? መድፍ ነው? ገንዘብ ነው? ዮሐንስ ሁለት ነገር ጠየቁ፤ አንዱ ክብረ ነገሥት፣ ሁለተኛው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕል። መጽሐፉን የፈለጉበትንም ምክንያት አልሸሸጉም፤ የአገሩ ሕግ በእርሱ ውስጥ አለ፤ ያለ እርሱ ሕዝቤ ትእዛዜን አይቀበለኝም አሉ።

ሙዚየሙም መጽሐፉን መለሰ። ታኅሣሥ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 14 ቀን 1872፣ በሙዚየሙ ባለአደራዎች ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ እንደ ተመለሰ በመጽሐፉ ላይ ተጽፎበታል። ከዓመታት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሁግ ለ ሩ መጽሐፉን አይቶ ታሪኩን በቋንቋው አስተዋውቋል።

ሥዕሉስ? ስለ ሥዕሉ የት እንዳለ አናውቅም ተብሎ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን በራሱ በሆልምስ እጅ ነበር። በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት አብዛኞቹም እንዲሁ በዚያው ቀርተዋል፤ ዛሬ በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

መቼም ተማሪው ይህን ቢሰማ «ንጉሡ ለሥልጣኑ ሲል ነው» ይል ነበር። እውነት ነው። ሽማግሌውም «ንጉሡ ስለሚያምን ነው» ይሉ ነበር። ይህም እውነት ነው። ዮሐንስ ራሳቸው ሁለቱን ይለያዩ እንደ ነበረ የሚያሳይ ነገር የለም።

በየደብሩ ያለው

ነገሥታቱ ካለፉ በኋላ መጽሐፉ ምን ቀረው? ዙፋኑ የለም፤ አንቀጹም የለም። ነገር ግን ኅዳር 21 ቀን አክሱም ጽዮን ይሂዱ፤ ወይም በጥምቀት ዕለት በሚኖሩበት ሰፈር ወደ ጃንሜዳ ወይም ወደ ወንዙ ይውረዱ። ካህኑ በራሱ ላይ የተሸከመው ታቦት ሲያልፍ እናቶች እልል ሲሉ፣ ወጣቱ ምንጣፍ እያነሣ ሲያነጥፍ ይመለከታሉ። ታቦት ከሌለው ሕንጻው ቤተ ክርስቲያን አይባልም። ክብረ ነገሥት በመጀመሪያው ገጽ የጠየቀውን ጥያቄ ሕዝቡ በየዓመቱ በእግሩ እየሄደ ይመልሰዋል። መጽሐፉን ያላነበበው ሕዝብ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ይህም የመጽሐፉን ጥልቀት ያሳያል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። መጽሐፉ ዛጔዎችን ከእስራኤል ዘር አይደሉም ብሎ ከዙፋኑ ውጭ ያደርጋቸዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ይህን መጽሐፍ እያከበረች ላሊበላን ቅዱስ ብላ ሰኔ 12 ቀን ታስበዋለች፤ ይምርሐነ ክርስቶስንና ነአኵቶ ለአብንም እንዲሁ። ንጉሥ መሆናቸውን የነቀፈው ብዕር ቅድስናቸውን ሊያስቀር አልቻለም። በመንግሥት መዝገብ የተሰረዘ ስም በገዳም መዝገብ ደምቆ ሊጻፍ ይችላል።

ባሕር ማዶም መጽሐፉ ሌላ ሕይወት አግኝቷል። ጀርመናዊው ቤትሶልድ በ1905 ግዕዙን ከትርጉሙ ጋር አሳተመ፤ እንግሊዛዊው ባጅ በ1922 በእንግሊዝኛ አወጣው። በጃማይካ የተነሡት ራስ ተፈሪያውያን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ያነብቡታል። በባርነት ተወስደው ታሪካቸው ለተነጠቀ ሰዎች ልጆች የጥቁር ሕዝብ መንግሥት ከሰሎሞን ጋር ዝምድና አለው መባሉ ምን ያህል እንደሚያጽናና ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንዱን ንጉሥ ለማንገሥ ያገለገለ መጽሐፍ ለሌላው ቀና ብሎ መሄጃ ሆነ።

እንዴት እናንብበው?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ታሪክን፣ ሥልጣንንና መንፈሳዊ ሕይወትን በአንድ ላይ የያዘ መጽሐፍ በእጅዎ ሲገባ ምን ያደርጋሉ? ክብረ ነገሥትን ከጨረስሁ በኋላ እኔ የደረስሁበትን ልንገርዎ፤ ፍርዱ የእርስዎ ነው።

መጽሐፉ የሚናገርበት ዘመን አንድ ነው፤ የተጻፈበት ዘመን ሌላ ነው። ክብረ ነገሥትን ስለ ሰሎሞን ዘመን ምስክር አድርገን ብንጠራው ብዙ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ብዙውንም መመለስ አይችልም። ስለ 14ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ ምስክር አድርገን ብንጠራው ግን ከእርሱ የሚበልጥ ምስክር በቀላሉ አናገኝም። ያን ዘመን ሰዎች ምን ይመኙ፣ ምን ይፈሩ፣ ራሳቸውን በዓለም መካከል የት ያስቀምጡ እንደ ነበረ በቃላቸው ይነግረናል።

ስለዚህም መጽሐፍን ከመጨረሻው ገጽ፣ ከጸሐፊው ቃል፣ መጀመር መልካም ነው። ማን ጻፈው? ማን አስጻፈው? መጽሐፉ ሲወጣ ማን ተደሰተ? ማንስ ተከፋ? ይህን መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ። ይስሐቅ ግን ሳይጠየቅ ነግሮናል፤ እርሱ ያልፈራውን እኛ ለምን እንፈራለን?

ከዚያ በኋላ ግን መጠየቁ ብቻ አይበቃም። «ሥልጣን ያስጻፈው ነው» ብሎ መጽሐፉን የሚወረውር ሰው ያነበበው ግማሹን ነው። ሥልጣኑ ካለፈ በኋላ ሰዎች በመጽሐፉ እየጸለዩ፣ እየተጽናኑ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ከቀጠሉ፣ መጽሐፉ ካስጻፈው ሰው ዐልፎ ሄዷል ማለት ነው። ያዕቢከ እግዚእ ጠፋ፤ ዐምደ ጽዮን ሞተ፤ ሆልምስም ያለፈ ሰው ነው። በጥምቀት ዕለት ምንጣፍ የሚያነጥፈው ልጅ የአንዳቸውንም ስም አያውቅም።

ዛሬ መጽሐፉ ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን ታትሞ ስለሚገኝ ማንበብ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም። ያላነበብነውን መጽሐፍ መሳደብም ማምለክም ቀላል ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው። አንድ መጽሐፍ ተዘርፎ ባሕር ተሻግሮ፣ በንጉሥ ደብዳቤ ተለምኖ ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ፣ እኛ ከመደርደሪያ አውርደን ሳንገልጠው ብንቀር ነውር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያ መጽሐፍ መሸጫ ተመልሼ ነበር። ባለሱቁን ያ ተማሪ መጥቶ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «መጥቶ ገዛ» አሉኝ። «ሽማግሌውስ?» አልኋቸው።

ባለሱቁ ፈገግ አሉ። «እርሳቸውማ በማግሥቱ ነው የመጡት፤ ዐይናቸው ስለ ደከመ የሚያነብላቸው ሰው ፈልገው ነበር። ልጁ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ያነብላቸዋል። ክርክራቸው ግን አላለቀም፤ ምዕራፍ 40 ላይ ደርሰዋል» አሉኝ።